ግራ እጇን ያወጣችው ልጅ

ኃይለኛ ናት ይሉኛል። ይበሉ! ሶዶ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው ያላለኝ ነገር የለም። ችኮ፣ ደረቅ፣ ምላሰኛ። ባሏ እንዴት ይችላት ይሆን የሚሉም አሉ። ባሌ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ስለ ጠባዬ ለማውራት አይደለም። ባለፈው ዓመት በአሥራ ሁለተኛ ክፍሌ ምክንያት የተነሣው ጭቅጭቅ በየአፉ ሌላ ሌላ ሆኖ ስለሚወራ፣ እኔው ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው።

በእኛ አገር ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቃት፣ ግን ማንም አፉን ሞልቶ የማይናገራት አንዲት ብልሃት አለች። እንግዳ ክፍል ሲገባ፣ ሱፐርቫይዘር ይሁን ከዞን የመጣ ይሁን፣ መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ ተማሪ ሁሉ እጁን ያወጣል። የሚቀር የለም። የሚያውቀው ቀኝ እጁን፣ የማያውቀው ግራ እጁን። መምህሩ ከቀኞቹ አንዱን ይጠራል፣ ልጁ ይመልሳል፣ ይጨበጨብለታል፣ እንግዳው ቅጹ ላይ «የተማሪዎች ተሳትፎ እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ጽፎ ይወጣል። በቃ። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ ራሴ ይህቺን ነገር በተወለድኩባት በሁምቦ አራተኛ ክፍል ሆኜ ነው የተማርኳት። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ በእንግሊዝኛ ግራ እጅ ነበርኩ። ቤት ወላይትኛ፣ ክፍል አማርኛ፣ እሱንም ወንዱን ሴት ሴቷን ወንድ እያደረግኩ የሚስቁብኝ ልጅ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛውማ ጭራሽ አይነሣ። እንግዳ ሲመጣ ግራ እጄን ከፍ አድርጌ፣ ጥርሴን ገልጬ፣ ማንም እንደማይጠራኝ እርግጠኛ ሆኜ እቀመጥ ነበር። እውነቱን ልናገርና ያሳርፋል። ክፉነቱም እሱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ «አልገባሽም እንዴ?» ብሎ ሳይጠይቀኝ አለፈ።

ኮሌጅ ስገባ ጉዴ ፈላ። ስለ አባታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ተባልን። አባቴ ከብት ነጋዴ ነበር፤ ሀብታም ስላልነበረ አነስተኛ ነጋዴ ማለቴ ነው፣ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ስሞል ካትል ትሬደር» ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ጮክ ብሎ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ።

«አባትሽ አጭር ነው ወይስ ጥጃ ነው የሚነግደው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አባቴ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው! ሰንጋ እንጂ ጥጃ ነግዶ አያውቅም! ደሜ ፈላ፣ እንባዬም መጣ። መምህሩ ግን ስቆ አልተወኝም። ወደ ሰሌዳው ዞሮ ዓረፍተ ነገሬን ጻፈና በ«ስሞል» እና በ«ካትል» መሃል አንዲት አጭር ጭረት ሰነቀረ። «ይህቺን ካስገባሽ ሁለቱ ቃላት አንድ ቅጽል ይሆናሉ፤ አባትሽም የትናንሽ ከብት ነጋዴ ሆኖ ያርፈዋል» አለኝ። ከዚያ በጣቱ አጠፋት። «ካላስገባሽ ደግሞ አንባቢው እንደፈለገ ያስረዋል። ከስም ፊት ቃል ስትደረድሪ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።» የምወስነው እኔ ነኝ! በእንግሊዝኛ ጉዳይ እኔ የምወስነው ነገር እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዛሬም ድረስ ያቺን ትምህርት ሳስተምር ደስታዬ ሌላ ነው።

የማስተምርበት መንገድ ይህ ነው። ወንበሬን ክፍሉ ፊት አቆማለሁ፤ ወንበሩ ስሙ ነው፣ በሬ እንበል። ከፊቱ ሁለት ተማሪ አቆማለሁ፤ አንዱ «ሎንግ»፣ አንዱ «ሆርንድ»። ተለያይተው ከቆሙ ረጅሙ ቀንዱ ይሁን በሬው አይታወቅም። እጅ ለእጅ ሲያያዙ ባለ ረጅም ቀንድ በሬ ይመጣል፤ የተያያዘው እጃቸው ጭረቷ ነው። ከስሙ ኋላ ሲሄዱ ደግሞ እጃቸውን እንዲለቁ አደርጋለሁ፤ ኋላ ላይ ብዙ ጊዜ መያያዝ አያስፈልጋቸውም። ልጆቹ ይስቃሉ፣ በተለይ ወንድና ሴት ሳቆም። ይሳቁ። የሳቁበትን አይረሱም።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም እኮ! ዓይን አፋር እንል የለ? አፈ ጮሌ፣ ልበ ሙሉ፣ እግረ ቀጭን። ሁለት ቃል ተያይዞ አንድ ጠባይ ሲሆን እኛ ስናውቀው ኖረናል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይፈታል፤ የፈረንጅ ነገር የመሰላቸው የጎረቤት ነገር ሆኖ ሲያገኙት።

የሚያስቸግራቸው አንድ ቦታ ነው፤ እሱም የኛ የመምህራን ጥፋት ነው። ከአንድ በላይ ከሆነ ኤስ ጨምሩ፣ ኤስ ጨምሩ እያልን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ጆሯቸውን አደንቁረነዋል። የሁለት ሰዓት መንገድ ለማለት ሲፈልጉ «ቱ አወርስ ዎክ» ይላሉ። ከስም ፊት ተያይዞ ሲቆም ግን ያ ኤስ ይቀራል፤ «ቱ-አወር ዎክ» ነው። የሚያናድደኝ፣ በአማርኛ ማንም «የሁለት ሰዓቶች መንገድ» ወይም «የአሥር ዓመታት ልጅ» አይልም። ከአፋቸው የነበረውን ትክክል እኛ አስጥለናቸው፣ ተሳሳታችሁ ብለን ደግሞ እኛው እንቀንስባቸዋለን።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ቢ የኔ ነበር። ስልሳ የሚጠጋ ልጅ። በዓመቱ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የሚፈተኑት እነሱ ናቸው። ከነሱ መሃል ከሁምቦ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው፤ እሑድ እሑድ ከቤት ጎዳሬና ቆሎ ይዛ በሚኒባስ ትመጣለች። ከኋላ፣ መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች። ዓይን አፋር ከሚባለውም በላይ ናት። ደብተሯ ንጹሕ ነው፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አንድ ነጥብ ሳትስት ትገለብጣለች፤ ስትጠየቅ ግን ዓይኗ መሬት ላይ ይተከላል። እኔን ነው የምታስታውሰኝ። ስለዚህም ሳይሆን አይቀርም የምቆጣባት።

አንድ ሐሙስ የዲፓርትመንታችን ኃላፊ መምህራን ማረፊያ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ደግ ሰው ነው፤ ብዙ የሠራ፣ ብዙ የታገሠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ሰኞ ሱፐርቫይዘሩ ለምልከታ ክፍልሽ ይገባል» አለኝ።

«ይግባ።»

«ይግባ አትበይ። ከዕቅድ ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ነሽ። ነጥብሽ ዝቅ ካለ አሥራ ሁለተኛን ያነሡብሻል። ርዕሰ መምህሩ ተናግሯል፤ በደብዳቤ ነው የሚሆነው።»

ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ መሆኔ እውነት ነው፤ አልክድም። ያልገባቸውን ትቼ መሮጥ አልችልበትም። ግን አሥራ ሁለተኛን ያነሡብሻል ሲለኝ ስኒዬን አስቀመጥኩ። እነዚያን ልጆች ከመስከረም ጀምሮ ነው የያዝኳቸው። ፈተና ሊደርስ ጥቂት ወር ሲቀረው ነው የሚነጥቁኝ?

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ሁላችንም የምናደርገውን ነዋ። የሰኞውን ትምህርት ነገ አርብ አስተምሪው፤ ሰኞ ያንኑ ድገሚው። ልጆቹ ያውቁበታል።» ግራና ቀኙን ማለቱ ነው። ብልሃቷን በስም አልጠራትም፤ ማንም አይጠራትም።

አርብ ክፍል ገባሁ። ሰኞ የሚጠብቀኝ ትምህርት እነዚያው ከስም ፊት የሚቆሙት ጥንድ ቅጽሎች ነበሩ፤ አስቀድሜ አላስተማርኳቸውም። ይልቅ በሩን ዘጋሁና፣ «ሰኞ እንግዳ ይመጣል» አልኳቸው። «የሚያውቅ እጁን ያውጣ። የማያውቅ እጁን አያውጣ። ግራ እጅ የሚባል ነገር በኔ ክፍል የለም። ሰማችሁ?» ሰምተናል ቲቸር አሉ። ሞኒተሩ፣ የክፍሉ አለቃ፣ የአንድ ቡና ነጋዴ ልጅ፣ ጓደኞቹን እያየ ፈገግ አለ። ልብ ብዬ ባየው ኖሮ ያኔ ይገባኝ ነበር።

ሰኞ ከዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ ክፍሉ ደንገዝገዝ ብሏል። ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን ይዞ ከኋላ ተቀመጠ፤ ከሁምቦዋ ልጅ አንድ ዴስክ ራቅ ብሎ። የዲፓርትመንት ኃላፊው አጠገቡ። ወንበሬን ፊት አቆምኩ፣ ልጆች አያያዝኩ፣ በሬውንም አመጣሁ። ሳቁ። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ሳቁን ገታ አድርጎ ጻፈ። ጥሩ ሄደልኝ፤ እኔም ልቤ ሞቅ አለ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰዓት ስለሚወስድ መንገድ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና፣ «ማነው ይህን ከስሙ ፊት አምጥቶ የሚያሳጥርልኝ?» አልኩ።

ስልሳ እጅ ወጣ።

ወይ ጉድ! ቀኝም ግራም፣ ከፊት እስከ ኋላ። ሞኒተሩ ቀኝ እጁን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አሥራ ሁለተኛን ሊነጥቁኝ መሆኑን ሰምተዋል። እኔን ሊያተርፉ ነው! አንጀቴን በሉት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ቆሽቴ አረረ። ከግማሽ በላይ ግራ ነበር። ስልሳ ልጅ ፊቴ ተቀምጦ ከግማሽ በላይ አልገባንም እያለኝ ነው፤ እሱንም በፈገግታ።

ሞኒተሩን ብጠራው በሁለት ሰከንድ ያልቃል። ነጥቤን አገኛለሁ፣ ክፍሌን አገኛለሁ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዓይኔ ግን ወደ መስኮቱ ሄደ። የሁምቦዋ ልጅ ግራ እጇን ቀጥ አድርጋ አውጥታለች። ፊቷ ላይ ያ ዕረፍት አለ። አወቅኩት። አራት ዓመት ይዤው የኖርኩት ዕረፍት ነው።

እሷን ጠራኋት።

ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ግራ የወጣ እጅ አይጠራም፤ ይህ በሕግ ከተጻፈ ነገር ይበልጥ የታወቀ ነው። ልጅቷ ተነሣች። እጇን ማውረድ ረስታዋለች። ልዋሽ አልፈልግም፤ ያን ጊዜ ራሴን ጠላሁት። ለሷ ብዬ ነው ወይስ ልታይ ብዬ? እስካሁንም አጥርቼ አላውቀውም።

«አላውቅም ቲቸር» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

«ጎበዝ!» አልኳት። «ነይ ወደዚህ።»

መጣች። አጠገቤ አቆምኳትና በአማርኛ ጠየቅኳት። «አንደኛ ደረጃ የተማርሽበት ከቤትሽ ምን ያህል ይርቃል?»

«የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።»

«ሰዓቶች አላልሽም?»

ግራ ገባት። «የሁለት ሰዓት ነዋ የሚባለው።»

«እንግሊዝኛውም እንዳንቺው ነው የሚለው። በይ።»

መጀመሪያ «ቱ አወርስ» አለች። ከኋላ አንዱ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት በዓይኔ አፈጠጥኩበት። ጣቶቿን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ከንፈሯ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ቆየ። ጊዜው ሄደ፤ ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን ሲያይ አይቼዋለሁ። ከዚያ ጠመኔውን ከእጄ ወስዳ፣ እንድትጽፍ ሳልነግራት፣ «ኤ ቱ-አወር ዎክ» ብላ ጻፈች፤ ጭረቷንም በሁለቱ መሃል አስገባች። ማንም አጨብጭቡ ሳይላቸው አጨበጨቡ። እሷ ግን አልሳቀችም። ያጋለጠችኝ ሴትዮ ናት ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀና ብላ አይታኝ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ዲፓርትመንት ቢሮ ጠሩኝ። ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። «መምህርት፣ አቀራረብዎ ጥሩ ነው፤ ሞዴሉ ደስ ይላል» አለኝ። «ጊዜ አጠቃቀም ላይ ግን ዝቅ አድርጌብዎታለሁ። ተሳትፎም ላይ። አንድ ተማሪ ላይ ያን ሁሉ ደቂቃ ይጠፋል?» ብዕሩን አቀበለኝ። ልፈርም ሳጎነብስ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ጨመረበት። «ለመሆኑ ግራ እጇን ያወጣችውን ልጅ ለምን ጠየቁ? ቀኝ ያወጡ ሞልተው አልነበር?»

ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት።

የዲፓርትመንት ኃላፊው ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። ሱፐርቫይዘሩም ከአፉ ምን እንደወጣ አሁን ገባው።

«ግራ ያወጣ እንደማያውቅ እንዴት አወቁ?» አልኩት።

«ያው… ልምድ ነው።»

«ከነማን ጋር ነው ልምዱ? ክፍሌ ውስጥ ስንት ግራ እጅ እንደነበረ አይተዋል ማለት ነው። አይተውም ተሳትፎ ብለው ቆጠሩት?»

«አንቺ ሴትዮ ነገር አታጣሚ!» አለ። እርስዎነቴ እዚያው ቀረ። «እኔም አስተምሬ ነው እዚህ የደረስኩት። ሁላችንም እንዲሁ አልፈናል። አንቺ ዓለምን ልትለውጪ ነው?»

«ዓለም ምን አገባኝ! እኔ የማወራው ስለ አሥራ ሁለተኛ ቢ ነው። ግራ እጅ ስንት እንደነበረ እዚህ ቅጽ ላይ ይጻፉልኝና እፈርማለሁ።»

«እንዲህ ያለ ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

«እንግዲያው ፊርማዬም የለም።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ውጭ ባጃጅ ጠርቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ባሌ ምን ሆንሽ ሲለኝ፣ ምንም አልኩት። ማታ ራቴን ሳልበላ ተኛሁ። አልጸጸትም ግን፤ ያኔም አልተጸጸትኩም።

ደብዳቤው ሐሙስ መጣ። ከነገ ጀምሮ አሥራ ሁለተኛ ቢን የዲፓርትመንት ኃላፊው ይይዛል፤ እኔ ወደ ዘጠነኛ ክፍል። ቅጣት መስሏቸው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ምን አለበት? ሰው አይደሉም እንዴ? ቢሆንም ደብዳቤውን ሳነብ አለቀስኩ። ልጆቼን ለፈተና ማድረስ ፈልጌ ነበር፣ አልተሳካልኝም፤ ይህን አሳምሬ ልናገረው አልችልም።

አርብ ላስረክብ ገባሁ። ኃላፊው ዕቅዱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሰሌዳው ላይ የአዲሱን ምዕራፍ ርዕስ ቀደም ብሎ ጽፎታል፤ የቀረኝን ሁለት ምዕራፍ ዘሎ። ልጆቹ መነሣቴን ሰምተዋል። ልሰናበታቸው ብዬ አፌን ስከፍት ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ያልገባው ማነው?»

እንደዚያ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ገባችሁ ወይ ነው የምንለው፤ አዎ ነው የሚሉን። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ አንድ እጅ ወጣ። የሁምቦዋ ልጅ። ቀኝ እጇን ነው ያወጣችው። ቀጥሎ ከፊቷ ያለው፣ ቀጥሎ መሃል ላይ ያሉት፣ በመጨረሻ ሞኒተሩ ራሱ ዙሪያውን አየና አወጣ። ሁሉም ቀኝ።

ኃላፊው ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ «ይህን ያህል ልጅ አልገባውም?» አለኝ።

«አዎ። እስከ ዛሬ እጃቸውን ለእንግዳ ነበር የሚያወጡት። በል ያንተ ናቸው።» ጠመኔውን ሰጠሁት።

በሩ ጋ ደርሼ ዞር አልኩ። ክፍሉ መሃል ቆሞ ዕቅዱን አየ፣ የወጡትን እጆች አየ። ያ ሁልጊዜ የሚጠነቀቅ ሰው ወደ መስኮቱ ሄደና ልጅቷን ጠየቃት።

«የቱ ጋ ነው ያልገባሽ?»

ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

«ከመጀመሪያው ቲቸር» አለችው።

ተመልሶ ሰሌዳውን አጠፋው።